በር የሌለው ኩሽና ልንሠራ ነው፤ አግዙን

ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ያለን የአንድ ቅሬ አባላት ነን። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። (ይህን የምንለው ለአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ነው፤ የወሎ ሰውማ አይጠይቀንም።) የመጣነው ገንዘብ ልንለምናችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ በር እናውጋችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት የለቅሶ ወጥ የሚሠራበት ኩሽና ገነባልን። ቆርቆሮው አዲስ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ምድጃው ወገብ ድረስ ከፍ ያለ ነው። ደስ ብሎን መረቅን። ለቅሶ ሲመጣ ትልቁ ድስት በበሩ አላልፍ አለ። ቢያጋድሉት ጆሮው ያዘ። ሴቶቹ ትተውት ወጡና እንደ ወትሮው ሜዳ ላይ ጉልቻ ጎለቱ። ኩሽናው ዛሬ የድንኳን ምሰሶ ማስቀመጫ ሆኗል። ሰጪዎቹን አንወቅስም። ከእኛም "በሩን እንለካው" ያለ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ዓመት በሩን ሰብረን ልናሰፋ ስንነሳ አንዲት የሰፈራችን ልጅ አስቆመችን። የተማረችው አንትሮፖሎጂ፣ የሰውን አኗኗርና ባህል ቀርቦ የሚያጠናውን ትምህርት ነው። "ቆዩ፣ መጀመሪያ ልየው" አለች። ከዚያ በኋላ ለቅሶ በተገኘ ቁጥር ከእናቶች ጋር ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ንፍሮ ስታማስል ከረመች። ማታ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እናቶች "ወሬ ለቃሚዋ" አሏት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የለቀመችውን ስታነብልን አፈርን። የሥጋ ቀን የእስላሙና የክርስቲያኑ ዕቃ እንደማይነካካ፣ የንፍሮ ቀን ግን አንድ ድስት እንደሚበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ለግንበኛው የነገረው ግን የለም። ጨውና በርበሬውን የሚመጥኑት አሮጊቶች ደግሞ ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት። ወገብ ድረስ ያለው ምድጃ እነሱን ከሥራው አስወጥቷቸዋል። በሐምሌ ዝናብ ወጡን ተሸክሞ በዚያ ጭቃ ዳገት ወደ ድንኳኑ መውጣትም ሌላ ጣጣ ነው።

ያላሰብነው ነገር ግን መጨረሻ ላይ መጣ። "በሩ ቢሰፋ ትገቡ ነበር?" ብላ ስትጠይቃቸው አንዲት እናት "እኛ እኮ ለቅሶ ነው የመጣነው" አሏት። ማን እንደመጣ ማየት፣ ሙሾውን መስማት፣ ሲያለቅሱ አብሮ ማልቀስ ይፈልጋሉ። አራት ግድግዳ መሃል ከተዘጉ ወጥ ሠራተኛ ሆነው ቀሩ ማለት ነው። ለካ ጥፋቱ የበሩ ብቻ አልነበረም።

ይህ ተራ ነገር የሚመስለው ካለ በፈረንጆቹ 2014 ጊኒ፣ ሴራሊዮንና ላይቤሪያ ውስጥ የሆነውን ያስታውስ። ከሬሳም የሚተላለፈው ኢቦላ ሲገባ ፊታቸው የማይታይ፣ ከእግር እስከ ራስ የተሸፈኑ ሰዎች ሬሳውን እያነሱ ይወስዱ ነበር። ቤተሰብም በሽተኛውን መደበቅ፣ ሬሳውን በስውር መቅበር ጀመረ። አንትሮፖሎጂስቶች ቤተሰቡን ቀርበው ከቀብሩ ሥርዓት የትኛው ሊቀር እንደሚችል፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይቀር ጠየቁ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ቤተሰብና የሃይማኖት አባቶች የሚገኙበት፣ ክብር ያለው የቀብር መመሪያ አወጣ። የእኛ ኩሽና ከዚያ መከራ ጋር አይወዳደርም። ግን በሚያዝያ 2012 በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳናችን ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ምን እንደሆነ ያኔ ቀምሰነዋል።

አሁን የምንሠራው ወደ ድንኳኑ ሜዳ ክፍት የሆነ፣ ከጀርባው ብቻ የንፋስ መከለያ ግድግዳ ያለው ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ዝቅ ያሉ ምድጃዎች በሁለት ረድፍ፣ የዕቃ መደርደሪያ ለየብቻ፣ ቧንቧና ሮቶ ይኖረዋል። እስከ ድንኳኑ ድረስ ደግሞ ድንጋይ እናነጥፋለን።

ጠቅላላ ወጪው 620,000 ብር ነው። የብረቱንና የቆርቆሮውን ዋጋ ኮምቦልቻ ድረስ ወርደን ጠይቀናል። ከወር መዋጮው ላይ ጨምረን 210,000 ሰብስበናል። ጉልበቱ በደቦ ነው። የጎደለን 410,000 ብር ነው።

ብር የሌለው ሲሚንቶ ያምጣ። ሲሚንቶ የሌለው አንድ ቅዳሜ ድንጋይ ያቀብል። ሳዑዲ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ጥሪ ሁሉ እናንተ ላይ እንደሚወድቅ እናውቃለን። ቤተሰባችሁን አስቀድሙ፤ ከተረፈ አስቡን። ገንዘቡ የሚገባው በቅሬው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። የቅሬው ዳኛ፣ ገንዘብ ያዡና አንዲት የእናቶች ተወካይ ሳይፈርሙ አይወጣም። ወጪው በየወሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የሒሳቡን ቁጥር ከገንዘብ ያዡ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን ማልበስ አለብን።

አይተን እንስጥ የምትሉ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስንሰበሰብ ኑ። ንድፉ ሜዳው ላይ በኖራ ተሰምሯል። እናቶች ድስቱን አምጥተው፣ ዙሪያውን ቁጭ ብለው ሞክረውት፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ አስፍተውታል።