ስምህ ተይዟል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ጅማ የሚደርሰው አንዳንዴ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ቢሆንም ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ማስታወቂያው ሳይቀር አነበዋለሁ። በቀደም አንድ ጸሐፊያችሁ ኢንተርኔት ላይ የሰው ስም ጠፋ፣ ወጣቱ ሁሉ «ንጉሥ 21»፣ «ዝምተኛው»፣ «የማሚ ልጅ» ምናምን እያለ ተደበቀ፣ በስሙ የማይናገር ሰው ፈሪ ነው ብለው ጽፈው አየሁ። አሳቀኝ፤ ቀልዳቸው ይጥማል። ግን አልዋጥልህ አለኝ። እሳቸው ስሙን የሚያገኙት ከወጣ በኋላ ነው። ሲወጣ አጠገቡ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። እንጀራዬ ነው።

እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አግዳሚ ሙሉ ወሬ። አንዱ ይመጣና «ወንድሜ፣ ኢሜይል ክፈትልኝ፣ ለሥራ ማመልከቻ ነው» ይለኛል። ሌላዋ «ቴሌግራሜን አስተካክልልኝ» ትለኛለች። የተማሪው፣ የቡና ሰብሳቢው፣ የጡረተኛው፣ የስንቱ ስም በእጄ አልፏል።

እናንተ የምታትሙት በፊደል ስለሆነ ስሞቹን በእኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው። ስልክ ላይ ግን የሚገቡት በላቲን ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው እዚያው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው፤ ይኸው ዛሬ ማንኛውም ስማርት ስልክ አማርኛ ያሳያል፣ ያስጽፋል። ከላይ የሚታየውን ስም በአማርኛ ብትሞላው ቴሌግራም ምንም አይልህም። ከሥር ያለው፣ ያ «አት» ምልክት ያለበት፣ ሰው ፈልጎ የሚያገኝህ ስም ግን የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና አንደርስኮር ብቻ ነው የሚቀበለው፤ በዚያ ላይ ከአምስት ፊደል ማነስ የለበትም፣ በቁጥር መጀመርም አይችልም። ጂሜይል ደግሞ ስድስት ይላል። እንግዲህ አልማዝ የምትባል ሴት ስሟ በላቲን አምስት ፊደል ነው። ጂሜይል «ያንሳል» ብሎ ይመልሳታል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሌላዋ አልማዝ ቀድማታለች። ሙና ከሁለቱም ደጅ ትመለሳለች።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ኢሜይል ሊከፍት መጣ። ስሙንና የአባቱን ስም አስገባሁለት። «ይህ ስም ተይዟል፣ ሌላ ይሞክሩ» አለ። አክብሮህ፣ በአንቱታ ነው የሚመልስህ። የአባቱን አስቀድሜ የሱን አስከተልኩ። ተይዟል። ልጁ ራሱ «መሃሉ ላይ ነጥብ አድርግበት» አለኝ። ጂሜይል ነጥብ አይቆጥርም፣ ያለ ነጥቡ የተያዘ ከነነጥቡም የተያዘ ነው። አያቱን ጨመርን። አያቱን ሲጨምር ስሙ እንደ መቀነት ረዘመ፣ «ይሄን በስልክ ለማን እናገራለሁ» ብሎ ተወው። ከኋላ አምስት ሰው መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ተሰልፏል። አንዷ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ልጅ ትቼ ነው የመጣሁት» ትላለች። ማሽኑ በበኩሉ የልጁ ስም ላይ ሦስት ቁጥር ለጥፎ «ይሄስ?» ይላል። ልጁ ግንባሩን አላበው። በመጨረሻ ኪቦርዱን ከእጄ ወስዶ «አባ ጅፋር 2010» ብሎ መታ። ቡድናችን ዋንጫ የበላበት ዓመት ነው። አለፈለት። ፊቱ እንዴት እንደፈካ!

ታዲያ ይህን ልጅ ፈሪ ልበለው? ስሙን ይዞ ነው የመጣው። በር ላይ ተቀማ እንጂ አልደበቀውም። ለጸሐፊያችሁ ማለት የፈለግሁት በዋናነት ይህንን ነው፤ አብዛኛው ሰው ስም አይመርጥም፣ የተረፈውን ይወስዳል።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ጫላ የሚባል ሰው ስሙ በቁቤ ሲጻፍ «ሲ»፣ ሁለት «ኤ»፣ «ኤል»፣ ሁለት «ኤ» ነው። በእንግሊዝኛው ልማድ ደግሞ በ«ሲ ኤች» ይጀምራል። የትምህርት ማስረጃው ላይ አንደኛው፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ሌላኛው። ለኢሜይሉ የቱን ይውሰድ? ያልተያዘውን ነዋ። በአማርኛም ያው ነው፤ «ፀሐይ»ን በላቲን ሦስት ሰው አስጽፉ፣ ሦስት ዓይነት ፀሐይ ትወጣላችኋለች። አንዳንዱ ይህን ያውቅበታል፣ አንዲት «ኤ» ጨምሮ ወይ «ኬ»ን በ«ኪው» ቀይሮ የገዛ ስሙን ያተርፋል። የአባት ስምም የራሱ ጣጣ አለው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል፣ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ በአባታችን ነው የምንጠራው። ጅማ ላይ አባቱ አባ ፊጣ ወይ አባ መጫ የሆነ ሰው ሞልቷል፤ ማሽኑ «አባ»ን ለብቻ ቆርጦ ያስቀምጠዋል።

ቁጥሩስ? ሰው ስሙ ሲያዝበት መጀመሪያ የሚመጣለት የተወለደበት ዓመት ነው። አንዲት ተማሪ በ1994 የተወለደች፣ ስሟ ላይ 94 ለጥፋ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ስትጻጻፍ ከረመች። ፈረንጅ 94ን በራሱ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። በሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቷታል ማለት ነው። «ልጆች አሉሽ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ ብላ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ የሳቅኩት በዚህ ነው። ያልሳቅኩበት ግን የይለፍ ቃሏ ነው፤ ስሟና ያው 94! ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታ ነው የምትወጣው። እዚያው ቁጭ አድርጌ አስቀየርኳት። የስልክ ቁጥሩን ስሙ ላይ የሚለጥፍም አለ፣ ለሱ ምን እንደምል አላውቅም።

በሰው ስም ስቄ የራሴን ባልነግራችሁ ነውር ነው። በ1998 ገደማ ነው። ያኔ ኢሜይል ማለት ያሁ ነበር፣ ሰዓቱም በደቂቃ እየተቆጠረ ይከፈልበታል፣ ለማሰብ ጊዜ የለም። የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። «ስዊት ቦይ ጅማ» ብዬ ከፈትኩ። እግዜር ያሳያችሁ። ለዓመታት በሱ ተጻጻፍኩ፣ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አመለከትኩ። ለፈተና የተጠራን ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ኮሪደር ላይ ተኮልኩለናል። ጸሐፊዋ ዝርዝሩን ይዛ ወጣች። አድራሻችንን ልታመሳክር ነው፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ስዊት ቦይ ማነው?» አለች። ማን ይነሳል? ዝም አልኩ። ደገመችው፣ አሁን ከነ«ጅማ»ው። እጄን እስከ ጆሮዬ ድረስ ብቻ አነሳሁ። አጠገቤ የነበሩት ጎልማሳ ሰውዬ ፊታቸውን በፋይል ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሥራውን አላገኘሁም። በስሙ ነው አልልም፤ ፈተናውም ከብዶኝ ነበር። ግን ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስም መርጠው የሚወስዱም አሉ፣ እነሱን ነው ማየት። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ በቴሌግራም የምትሸጥ አንዲት ደንበኛ አለችኝ። መጀመሪያ በገዛ ስሟ ነበር የከፈተችው። ቀን ቀን የሽሮ ዋጋ ይጠይቋታል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ «ሰላም ቆንጆ፣ ተኛሽ?» ይመጣል። ስልክ ቁጥሯም ስለሚታይ ይደውላሉ። አንድ ቀን መጥታ «ሴት መሆኔ የማይታወቅበት ስም አውጣልኝ» አለችኝ። ቁጥሯን ደበቅንላት፤ የተጠቃሚ ስም ያለው ሰው ቁጥሩን ሳይሰጥ መልእክት ይቀበላል፣ ጥቅሙ አንድም ይኸው ነው። ስሙን «ሽሮ አንደርስኮር ጅማ» አልነው። የሌሊቱ ሰላምታ ቀረ። ለሽሮ «ተኛሽ?» የሚል ሰው የለማ። ጸሐፊያችሁ ይህቺንም ፈሪ ይሏት ይሆን? እኔ ብልህ ነው የምላት።

ደግሞስ ጅማ ቁጭ ብሎ ሰው በወጣለት ስም ብቻ ይጠራ ማለት እንዴት ይሆናል? አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፤ ባለቤቱ በፈረሱ ስም የሚጠራበት። ጅሬን ቤተ መንግሥቱን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የፈረስ ስም ነው የሚጠራው። ሌሎቹ ነገሥታቶቻችንም አባ ረቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል ናቸው። ኳስ ቡድናችን በ2010 ፕሪሚየር ሊጉን የበላው በዚሁ ስም ነው። ወደ ሌላውም ሂዱ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ራስ መኮንን አባ ቃኘው ነበሩ፤ በ1943 ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተጠራው በሳቸው የፈረስ ስም ነው። እነዚህን ፈሪ የሚል እስቲ ይምጣ።

ልዩነት የለውም አልልም። የፈረስ ስም ሲጠራ ባለቤቱን ሠራዊቱ ሁሉ ያውቀዋል። «ንጉሥ 21» ማን እንደሆነ ግን እናቱም አታውቅ። በዚያ ተከልሎ ሰው የሚሳደበውን ለጸሐፊያችሁ ትቼላቸዋለሁ፣ እንደፈለጉ ያድርጉት። ከተሳዳቢው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ስም የሚሰርቀው ነው። ዘመዴ በቴሌግራም ከአጎታችን መልእክት መጣለት፤ ፎቶው የአጎታችን፣ ስሙ የአጎታችን፣ «ቸግሮኝ ነው፣ ቶሎ ብር ላክልኝ» ይላል። ሊልክ ሲል መጣና አሳየኝ። ስሙን ፊደል በፊደል አየነው፣ ያው ነው። ኮፒ አድርጌ በሌላ የፊደል ቅርጽ ስለጥፈው ግን ጉዱ ወጣ። ትንሿ «ኤል» ወጥታ በቦታዋ ትልቁ «አይ» ገብቷል፤ ስልክ ላይ ሁለቱም ቀጥ ያለች እንጨት ናቸው። አጎታችን ጋ ብንደውል ቡና እየጠጣ ነው፣ ምንም አልቸገረውም። ስለዚህ ስም አይታችሁ ብር አትላኩ፤ ደውሉ፣ ድምፅ ስሙ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ከገጠር መጡ። ልጃቸው ጅዳ ናት፣ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ እንድትልክላቸው ቴሌግራም ላስገባላቸው ነው። አዲስ ስልክ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል።

«አባባ፣ ማን ብዬ ላስገባዎት?» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ስምዎትን። ሰው ፈልጎ የሚያገኝዎት።»

«የሚፈልገኝ ሰው ቤቴን ያውቀዋል» አሉ።

እውነት ነው፤ ግን ልጅቷ ጅዳ ናት። ስማቸውን ከነአባታቸው መታሁት። ተይዟል። ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት።

«ማነው የያዘው?»

«አላውቅም አባባ። ሌላ ሰው ነው።»

«በኔና ባባቴ ስም? ጠይቀው እስቲ ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ በለው። ዘመድ ይሆናል።»

ደብዳቤዬን ካወጣችሁት ስሜን ተዉት፤ ደንበኞቼ የኢሜይላቸውን ወሬ ጋዜጣ ላይ እንዳወጣሁት ቢያውቁ ኮፒ የሚያስደርግ አይመጣልኝም። ለነገሩ እናንተም ስንት ዓመት ሙሉ «ስሜ አይጠቀስ» የሚል ደብዳቤ ስታትሙ ኖራችኋል፣ ጸሐፊያችሁ ያኔ አንድም ቀን ቅር ሲላቸው አላየሁም።

ባለ ፎቶ ኮፒው
ከጅማ