የስካውት ቡድናችን ታሪክ በፓትሮሎቹ የውሎ መዝገብ ውስጥም ይፈለግ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአካባቢያችን የሚገኘው የስካውት ቡድን የምሥረታ በዓሉን ማክበሩን አስመልክቶ ያወጣችሁትን ዘገባ በታላቅ ደስታ አነበብኩ። ቡድኑ ከቀድሞ አባላቱ፣ ከወላጆችና ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ያለፈበትን መንገድ ሲያስብ ማየት፣ በልጅነቴ የአንገት መሐረቡን አስሬ ላደግኩት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የዘገባውን ሰፊ ቦታ የያዘው የክብር እንግዶቹ ንግግርና በየዘመኑ የነበሩት መሪዎች የስም ዝርዝር በመሆኑ፣ የስካውት ሕይወት በዋናነት የሚኖርበት ትንሹ ቡድን፣ ማለትም ከስድስት እስከ ስምንት ልጆችን የሚይዘው ፓትሮል፣ ሳይነሳ ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ስካውት ከመነሻው የልጆች ሥራ ነበር። የስካውት መሥራች ሮበርት ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ወንዶች ልጆችን ይዞ እንግሊዝ ውስጥ በምትገኘው ብራውንሲ ደሴት ላይ ሲሰፍር፣ በታዋቂ ትምህርት ቤቶች የሚማሩትን የባለጸጋ ልጆችና ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡትን አንድ ላይ አድርጎ በአራት ፓትሮሎች ከፈላቸው፤ ለእያንዳንዱም ፓትሮል ከልጆቹ መካከል አንድ መሪ ሾመ። በቀጣዩ ዓመት ሐሳቡን በየሁለት ሳምንቱ በስድስት ክፍል እያሳተመ ሲያወጣ ደግሞ፣ በየከተማው ያሉ ልጆች ጽሑፉን እየገዙ፣ ማንም ሳያዝዛቸው ፓትሮል መመሥረትና የሚመራቸውን አዋቂ ራሳቸው መፈለግ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን በሚገኘው ክሪስታል ፓላስ በተደረገው ታላቅ ስብሰባ ላይም ያልተጠበቁ ልጃገረዶች ስካውት ነን ብለው ተገኙ፤ በዓመቱ በቤደን ፓወል እህት በአግነስ መሪነት የልጃገረዶቹ ድርጅት የተቋቋመው ይህን ጥያቄ ተከትሎ ነው። ዛሬ ከ170 በላይ አገር አቀፍ ድርጅቶችንና ከ50 ሚሊዮን በላይ አባላትን ያቀፈው እንቅስቃሴ የተነሳው ከእነዚህ ጥቃቅን ቡድኖች ስለሆነ፣ የአንድ ሰፈር ስካውት ቡድን ታሪክ የዋናው መሥሪያ ቤት ታሪክ ቅጥያ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

እኔ በፓትሮሌ ውስጥ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። በየስብሰባው ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የትኛው ቋጠሮ እንደተጠናና የአየሩ ጠባይ ምን ይመስል እንደነበር በእርሳስ እጽፍ ነበር። ከሁሉም ይልቅ የማይረሳኝ በአንድ የካምፕ ሌሊት ላይ የጻፍኩት ገጽ ነው፤ የድንኳናችን ገመድ በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ በዝናብ መካከል ሲፈታ፣ ከመካከላችን ታናሽ የነበረው ልጅ ቀድሞ ነቅቶ ሁላችንን ቀሰቀሰን፤ በማግሥቱም ስሙን በጉልህ ጽፌ አሰመርኩበት። ያ ልጅ በየትኛውም የመሪዎች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ስሙ የነበረው በዚያች ገጽ ላይ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ሲለቀቅ መዝገቦቹ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጠራቅመው መወገዳቸውን ስሰማ የተሰማኝ ኀዘን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ዋጋቸውን ለይቶ የነገረን ሰው ስላልነበረ ነው።

ማኅበረሰቡም ቢሆን በበዓሉ ላይ ከምስጋና ያለፈ ቦታ ይገባዋል። ሜዳውን ያለ ክፍያ የፈቀዱት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ያስተማሩት የጤና ባለሙያዎች፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ልጆቹን አድርሰው የመለሱት ወላጆች፣ ድንኳን የሰፉት እጆች፣ እነዚህ ሁሉ የቡድኑ ታሪክ ናቸው። መሪዎቹም እንዲሁ ደመወዝ ሳይኖራቸው ዕረፍታቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በሚገኘው የስካውት ማሠልጠኛ፣ በጊልዌል ፓርክ፣ የመሪዎች ሥልጠና ሲሰጥ አዋቂዎቹ ራሳቸው በፓትሮል ተከፍለው እንደ ልጆቹ እንዲሰፍሩ የተደረገውም፣ መሪ የሚሆነው ሰው የትንሹን ቡድን ኑሮ በራሱ እንዲቀምሰው ታስቦ ነው።

ስለዚህ ለቡድኑ ኃላፊዎች በአክብሮት የማቀርበው ሐሳብ፣ ታሪኩን የመሰብሰቡ ሥራ ለራሳቸው ለልጆቹ እንዲሰጥ ነው። አንድ ፓትሮል አንድን የቀድሞ አባል ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ አንዱ እየጠየቀ፣ ሌላው እየጻፈ፣ ሦስተኛው ድምፁን እየቀዳ ቢያነጋግረው፣ ልጆቹ ማዳመጥንም መመዝገብንም ይለማመዳሉ፤ ሽማግሌውም ወጣቶቹ ትዝታውን እንደሚፈልጉት ያውቃል። የተገኙት መዝገቦች ዝገት የሚያመጡ የብረት ማያያዣዎች በጥንቃቄ ወጥተውላቸው ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሱ፤ የተቀደደውንም ገጽ በሚያጣብቅ ፕላስተር መጠገን ወረቀቱን ስለሚያበላሽ ይቅር። በፎቶግራፎቹ ጀርባ ላይ ስምና ዓመተ ምህረት የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ፣ በጠርዙ በኩል፣ ሳይጫኑ ነው። በመዝገብ ውስጥ ስለ አንድ ልጅ ሕመም ወይም ጥፋት የተጻፈ ነገር ካለ ግን፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ ለሕዝብ ባይቀርብ መልካም ነው፤ እንዲህ ያለው ጥንቃቄም ስካውት ከገባው ቃል የሚመነጭ ነው።

ስካውቶች በልጅነታቸው ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ፣ ከኋላ ለሚመጣው ጓደኛ በመንገድ ላይ ምልክት ትቶ ማለፍ ነው። ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1941 ኬንያ ውስጥ አርፎ በኒዬሪ ሲቀበር፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ በመካከሉ ነጥብ ያለበት ክብ ተቀረጸ። ምልክቱን የተማረ ሁሉ «ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ» ማለቱ እንደሆነ ያነበዋል፤ ላልተማረው ግን ክብና ነጥብ ብቻ ነው። በበዓሉ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የነበሩት ስም አልባ ፎቶግራፎችም ለዛሬዎቹ ልጆች እንደዚሁ ናቸው። በእነዚያ ምስሎች ውስጥ ያሉትን ፊቶች ለይተው የሚናገሩ ሰዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለኝ። ከቡድኑ ጋር ተነጋግራችሁ በየሳምንቱ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ብታትሙና አንባቢዎች የሚያውቋቸውን ሰዎች፣ ቦታውንና ጊዜውን እንዲጠቁሙ ብትጋብዙ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙዎቹ ፊቶች ስም ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ። እኔም በዕቃዎቼ መካከል ከብክነት የተረፈች አንዲት የፓትሮላችን መዝገብ አለችኝ፤ ቡድኑ የሚረከባት ሰው ሲወክል ይዣት እመጣለሁ፤ በእርሳስ የተጻፈው በደበዘዘበት ገጽ ላይም ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ አብሬ አነብባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፓትሮል መዝገብ ያዥ