የልጆቼ ሌላኛው ወገን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሚኒሶታ በረዶ ገና አልለቀቀንም።

ለጋብቻዬ ሽማግሌ የተላከ ጊዜ «ዘሩን ሳላውቅ እንዴት እመርቃለሁ?» ብለው ነበር። እውነትዎን ነበር። ያኔ ባለቤቴ ራሱ የሚያውቀው ወገኑ ከስዊድን መምጣቱን ብቻ ነው። አሁን ግን ሰባት ቤት ልቆጥርልዎ እችላለሁ።

ያስቸገረን የስሙ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን የስዊድን ገበሬዎች እንደ እኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት፤ የአንደርስ ወንድ ልጅ አንደርሶን፣ ሴት ልጁ አንደርስዶተር ትባላለች። አማቶቼን ግራ ያጋባው ይህ ነገር ለእኔ ወዲያው ገባኝ። የባለቤቴ ምንጅላት ግን አሜሪካ ሲገባ ጭራሽ ሌላ ስም ያዘ። የተወለደበትን ደብር ያገኘነው ስደተኞቹ እዚሁ ካቋቋሙት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ በደቡብ ስዊድን፣ ስሞላንድ በሚባል ድንጋያማ አገር ነው።

ደብሩ ከታወቀ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1686 የወጣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ቄሶች ልደቱን፣ ጋብቻውንና ሞቱን እንዲመዘግቡ ያዝዝ ነበር። ቄሱ ምእመናኑን በየቤተሰቡ እየጠራ ንባብና ትምህርተ ሃይማኖት ይፈትን፣ የእያንዳንዱን ውጤትም ይጽፍ ነበር። እርስዎ ይህን ቢያዩ እንዴት ደስ ባለዎት! የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት መዝገቡን በነጻ ስለከፈተው ገጹን እቤታችን በኮምፒውተር አየነው። አባት፣ እናት፣ ከዚያም ልጆቹ በዕድሜ ተራ ተደርድረዋል። የልጁ ስም ላይ መስመር ተሰምሮበት ከጎኑ «ወደ ሰሜን አሜሪካ» ተብሎ 1869 ተጽፏል። የሞተም የሄደም የሚሰረዘው እንዲሁ ነበር። የእናቱ ስም ከበላዩ ሳይሰረዝ አለ። የእርሷ ነገር አንጀቴን በላው፤ ደብዳቤ እስኪደርሳት ስንት ወር እንደጠበቀች እግዚአብሔር ይወቅ።

ያሰደደው ረሀብ ነው። በ1867 ብርዱ አዝመራውን አጠፋው፤ በ1868 ደግሞ ደቡቡን ድርቅ መታው። እርስዎ ከአያትዎ የሰሙት ክፉ ቀን ከመድረሱ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። መሬቱም ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ አንሶ ነበር። እንደ እርሱ ወደ አሜሪካ የፈለሱት ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ከጎተንበርግ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሐል ወደብ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ሊቨርፑል፣ ከዚያም ውቅያኖሱን አቋርጠው ኒው ዮርክ ይደርሱ ነበር።

አባባ፣ አሁን የጎደለን የእርስዎ ወገን ነው። ትልቁ ልጄ የዘር ሐረጉን በሰፊ ወረቀት ሥሎ የአባቱን በኩል ሞልቶታል፤ የእኔ በኩል ከእርስዎ አባት ወዲያ ባዶ ነው። የመንዙን ወገን በቃልዎ ሲቆጥሩ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይምታታብኛል። የእናትዎን ወገን ደግሞ ጨርሶ አላውቀውም። ወንድሜ ቅዳሜ ሲመጣ በስልኩ ይቅረጽዎ። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ከየት አገር እንደመጡ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ርስታቸው የት እንደነበረ፣ የትኛው ደብር እንደተቀበሩ ይንገሩት። የሴቶቹንም ስም አይተዉብኝ። ቢደክምዎ ለሌላ ቀን ይደር፤ እማዬም የምታስታውሰውን ትጨምርበት።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ