ለደላንታ የኦፓል ዋሻዎች ጥናት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአገር ውስጥም በውጭም ለምትኖሩ የደላንታ ተወላጆችና ወዳጆች፤

በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ወረዳ ውስጥ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣበት አንድ ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸውን ሰምታችኋል። ወሬው ዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ድረስ ዘለቀ፤ ከሪያድም ከዋሽንግተንም ስልክ ሲደወል ሰነበተ። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ፤ ዋሻዎቹም ዛሬ ድረስ ይቆፈራሉ። ከዚያ አደጋ በፊትም ሰው ሞቷል። አንድ ወይም ሁለት ሰው ሲሞት ግን ማንም አይዘግበውም፤ የሚያውቀው የሟቹ ቤተሰብና የቀበረው እድር ብቻ ነው።

ከወረዳው የወጣን የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የማዕድን ማኅበራት አባላትና የእድር ሽማግሌዎች ሆነን ተሰባስበናል። ኦፓል በወረዳው ከተማ በወገልጤና አካባቢ ከተገኘበት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝቡ ምን እንደሰጠና ምን እንዳስከፈለው በሥርዓት አጥንተን በጽሑፍ ማኖር እንፈልጋለን። የእናንተን እገዛ የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ቦታውን ላላያችሁ ትንሽ እናስረዳ። የደላንታ ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈነዱ እሳተ ገሞራዎች በወጣ አመድና ዐለት የተነባበረ ነው። ኦፓሉ የሚገኘው በዚያ ሁሉ ንብርብር መካከል፣ ውፍረቷ አንድ ሜትር በማይሞላ ሸክላማ ንጣፍ ውስጥ ነው። ከበላይዋ የተጫነው ዐለት እጅግ ከባድ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች ቆፍሮ እሷ ዘንድ መድረስ አይታሰብም። ስለዚህ ወጣቱ ከገደሉ ጎን ይገባል፤ በዶማና በመዶሻ እየፈለፈለ፣ በባትሪ ብርሃን እየተመራ ንጣፏን ይከተላል። በብዙዎቹ ዋሻዎች ጣራውን የሚደግፍ እንጨት የለም። ክረምት ሲገባ ሸክላው ውሃ ይጠጣና ይላላል፤ የላዩ ክብደት ግን ያው ነው። በዋሻው አፍ ላይ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚመዘግብ ሰው ስለሌለም፣ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠፋው የሰዎቹ ቁጥር ነው። ገደሉ ከባድ ማሽን አያስገባም፤ ወገን ወገኑን ለማውጣት የሚታገለው በእጁ ነው።

ይህን ማጥናት የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ተደጋግሞ ቀርቦልናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ትልልቅ ፈቃድ ጠያቂዎች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲያቀርቡ ሲያስገድድ፣ በባህላዊ መንገድ ለሚያመርቱት የሚሰጠውን ፈቃድ ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጎታል። ድሃ ቆፋሪ የማይችለው ወጪ እንዳይጫንበት ታስቦ ከሆነ እናከብረዋለን። ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚቆፍራት ጉድጓድ ጉዳቷ ትንሽ ቢሆን፣ በአንድ ገደል ላይ ተደርድረው የሚቆፈሩት ዋሻዎች ድምር ትንሽ አይደለም። ይህን ድምር ሲመረምር ያየነው አካል የለም። እኛ ካልጀመርነው ማን ሊጀምረው ነው?

ድንጋዩን በተመለከተ የውጭ ተመራማሪዎች ብዙ ጽፈዋል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ መሆኑን፣ ሲደርቅም ቀለሙ መልሶ እንደሚመጣ በላቦራቶሪ አረጋግጠዋል። ስለ ቆፋሪው ሳንባ የተለካ ነገር ስንፈልግ ግን ባዶ እጃችንን ቀረን። ሲሊካ የሚባለው የድንጋይ ማዕድን ያለበት አቧራ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ፣ ለቲቢም እንደሚያጋልጥ ሕክምናው ካወቀው ቆይቷል። በጠባብ ዋሻ ውስጥ ያለ መሸፈኛ የሚውሉ ልጆቻችንን ደረት ግን ማንም አላዳመጠውም። እኛን ከሁሉ በላይ ያንገበገበን ይህ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራ የሚጀምረው ከእድር መዝገቦች ነው። በየቀበሌው ያሉት መዝገቦች ከቤተሰብ ቃል ጋር ተመሳክረው በዋሻ የሞቱትና የተጎዱት በስም ይለያሉ። ስማቸው በቤተሰብ ፈቃድ ካልሆነ ለማንም አይገለጥም። ዋሻዎቹም የሚቆፈሩትና የተተዉት ተለይተው በካርታ ይሰፍራሉ፤ የተተወ ዋሻ ለከብትም ለእረኛም አደጋ ነው። ፈቃደኛ ቆፋሪዎች ደሴ ሄደው የደረት ራጅ ይነሣሉ። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ገደሉ የሚደፋው አፈር በታች ያለውን ማሳና ወደ በሽሎ የሚወርዱትን ጅረቶች ምን እያደረጋቸው እንደሆነም እናያለን። በሽሎ የዓባይ ገባር ነውና ነገሩ እኛው ዘንድ ብቻ አይቀርም። ትምህርት ያቋረጡትን ልጆችና ድንጋዩ ከቆፋሪው ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ ላኪ ሲያልፍ ለማን ምን ያህል እንደሚተርፍ መመዝገብም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ማዕድኑ ይዘጋ አንልም። መሬት ለሌለው ወጣት ኦፓል ወደ ዓረብ አገር ከመሰደድ ያዳነው እንጀራ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ቤት የሠሩና እህቶቻቸውን ያስተማሩ አሉ። ቆፋሪዎቹ ራሳቸው መጀመሪያ ጠርጥረውን ነበር፤ «ቦታችንን ለባለሀብት ልታስወስዱብን ነው» አሉን። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከየቀበሌው እንዲመረጡ፣ የዋሻዎቹ ትክክለኛ መገኛም ለነጋዴም ሆነ ለኩባንያ እንዳይሰጥ ከማኅበራቱ ጋር በጽሑፍ ተስማምተናል። ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ስብሰባ ይነበባል፤ ለወረዳውና ለክልሉ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአንድ ዓመት የሚያስፈልገን 1,600,000 ብር ነው። አብዛኛው ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበልና ቆፋሪዎችን ደሴ አመላልሶ ለማስመርመር ይውላል። መምህራኑ ለራሳቸው አንድም ብር አይወስዱም። ገንዘቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው ለሁላችሁም ይገለጻል። 500 ብርም ብትሆን ትጠቅመናለች። ገንዘብ የማይመቻችሁ ደግሞ የምትሠራ የእጅ ስልክ ለካርታ ሥራው፣ ወይም የአቧራ መከላከያ ጭንብል ላኩልን። በሥነ ምድር፣ በሳንባ ሕክምና ወይም በሕግ ሙያ ላይ ያላችሁ ጊዜያችሁን ስጡን።

የመስክ ሥራው ገደሉ ደረቅ በሆነበት በበጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ መጠናቀቅ አለበት፤ መንገዱና ጸጥታው የሚፈቅድልንን ቀን ሁሉ ለመጠቀም ገንዘቡ እስከ ኅዳር መጨረሻ መድረስ ይኖርበታል። መዋጮውን በየከተማችሁ ላለው የደላንታ ተወላጆች እድር ወይም ማኅበር ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን አትሂዱ።