ለስኔር ድራም ጀማሪ ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ቤት ልምምድ

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

በማርሽ ባንዱ ስኔር ድራም (ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ከበሮ) የያዙ ልጆቻችሁ ሮል፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚንጎደጎድ ተከታታይ ምት፣ መማር ጀምረዋል። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሚንጎደጎደውን ድምፅ ቤት ውስጥ ቶሎ አትጠብቁ። ለጊዜው የምትሰሙት ዝግ ያለ «ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ግራ» ነው። እባካችሁ «ፍጠን» አትበሏቸው፤ መምህሩ ዝግ ያደረጉት ሆን ብለው ነው።

ሮል በክንድ ጉልበት አይመጣም። እያንዳንዱ እጅ በተራው ሁለቴ ይመታል፤ ፍጥነት ሲጨምር የመጀመሪያውን ምት የእጅ አንጓ ይጥላል፣ ሁለተኛውን ግን ስቲኩ (መምቻው ዱላ) ራሱ ሲነጥር ጣቶች ያግዙታል። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ምት ይሟሽሽና ሮሉ ያነክሳል። መድኃኒቱ በዝግታ ጊዜ ሁለተኛውን ምት ከመጀመሪያው ጠንከር አድርጎ መምታት ነው።

አያያዙን እናንተም መፈተሽ ትችላላችሁ። ስቲኩ ከወፍራሙ ጫፍ ሲሶ ያህል ገባ ብሎ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይያዛል፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች ይነኩታል እንጂ አይጨብጡትም። ከአንድ ስንዝር ከፍታ አንዴ እንዲጥለው አድርጉ። ደጋግሞ እየነጠረ ካረፈ ደህና ነው፤ አንዴ «ጧ» ብሎ ከቀረ ልጁ ጨብጦታል። ጣቱ ውሃ ከቋጠረም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያው ነው። አንጓው ካመመው የዚያን ቀን ያቁም።

ከበሮው ከትምህርት ቤቱ ግቢ አይወጣም። የታችኛው ገጽ በጣም ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ጣት ሲጫነው ይበሳል፤ ከሥሩ የተወጠሩት ሽቦዎችም ባጃጅ ውስጥ ተጨፍልቀው ከተጣመሙ አይቃኑም። ስለዚህ ቤት ውስጥ መለማመጃ ሥሩለት፦ 30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ወፈር ያለ ጣውላ፣ ከጎሚስታ የተገኘ አሮጌ የጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ። ከመነዳሪውን ደርባችሁ ለጥፉና አንድ ቀን ይድረቅ። ትራስና ፍራሽ አይሆኑም፤ ስለማያነጥሩ ልጁ ሁለቱንም ምት በክንድ መግፋት ይለምዳል። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርጉ፤ አለበለዚያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድምፁ በጠረጴዛው እግር ወርዶ ታች ፎቅ ያሉትን ይረብሻል። ከፍታው ከልጁ እምብርት ትንሽ ዝቅ ይበል።

ስቲክ ስትገዙ ትንንሽ እጅ ላላቸው ቀጠን ያለውን 5ኤ፣ ለትልልቆቹ ወፈር ያለውን 5ቢ ጠይቁ። ከሱቁ ሳትወጡ ባንኮው ላይ አንከባልሉት፤ ከዘለለ ጠማማ ነው።

ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም (በእኩል ፍጥነት «ቲክ» እያለ ምት የሚቆጥር) ጫኑለት፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነጻ መተግበሪያ ሞልቷል። በደቂቃ በ60 «ቲክ» ይጀምር፤ በእያንዳንዱ «ቲክ» አራት ምት ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይዛነፍ ከዘለቀ 4 ይጨምር፤ ከተዛነፈ 8 ይቀንስ። 100 አካባቢ ብዙዎች ይቆማሉ፤ ሁለቱንም በአንጓ ለመምታት ይፈጥንባቸዋል፣ በንጥረት ለመምታት ደግሞ ገና ዝግ ነው። ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ልጁ ሰነፈ ብላችሁ አትቆጡ። እሑድ አንድ ሰዓት ከመቀጥቀጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበልጣል።

ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመቱ ልጆች ምት ቶሎ ይይዛሉ፤ ግን መዳፍ ስለለመዱ ክንዳቸውን ያወርዳሉ። እነሱን በመስታወት ፊት አለማምዷቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ባለ አምስት ምት ሮል ነው፦ ቀኝ ቀኝ ግራ ግራ ቀኝ፣ የመጨረሻው ጠንከር ብሎ፤ ከዚያ በግራ ይጀመራል። ስቲኩን ገጹ ላይ ለዘብ አድርጎ በመጫን የሚወጣውን ጥቅጥቅ ያለ ሮል ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ አታስጀምሩ፤ መጨበጥን ያስለምዳል።

የሠራችሁትን መለማመጃ ሰኞ ልጁ ይዞት ይምጣ፤ የሙዚቃ መምህሩ ከትምህርት በኋላ ከ9፡30 እስከ 10፡30 አይተው ያስተካክሉላችኋል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር