የበረራ ጊዜ ሲጻፍ የሰዓት አቆጣጠሩም አብሮ ይገለጽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጋዜጦቻችን ስለ አፍሪካ ከተሞች የአየር ጉዞ ሲጽፉ ርቀቱንና የበረራውን ጊዜ በአንድ መስመር ጠቅሰው ያልፋሉ። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ምኑ እንደተለካ ስለማይነገር፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የምንነሳ መንገደኞችን ግራ ያጋባል።

ከአዲስ አበባ ሌጎስ በአየር 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በረራው 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይሁን እንጂ የሌጎስ ሰዓት ከእኛ በ2 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከቦሌ የተነሳ ሰው በዚያው አገር ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። መነሻና መድረሻውን ብቻ ያየ ሰው በረራውን የ3 ሰዓት፣ መልሱን ደግሞ የ7 ሰዓት አድርጎ ይቆጥረዋል። የናይሮቢ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። ርቀቱ 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ 2 ሰዓት ገደማ የሚወስደው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን የሚይዘው ከፍታው ላይ ከደረሰ በኋላ በመሆኑና የመንደርደሪያውና የማረፊያው ጊዜም ስለሚታከልበት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የትኬቱ ሰዓት ነው። ሸዋ በር የሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን ናይሮቢ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ተነሱ፤ ትኬታቸው ላይ 10:30 የሚል ታትሞ ስለነበር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል መሰላቸው። በእኛ አቆጣጠር ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ነበር። ትኬቱን የሸጠላቸው ሰው ይህን አልነገራቸውም። እሳቸው ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ፣ የናይሮቢው በረራ ከቦሌ ተነስቶ ነበር።

እንዲህ ያለው ስህተት እኛን የሚጎዳን ከአዲስ አበባ ነዋሪ ይበልጥ ነው። ኮምቦልቻና አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ በረራው ከ1 ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ በመኪና ግን ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በርን ለሚወጣ ሰው መንገዱ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀኑን ይበላዋል። አንድ በረራ ያመለጠው የወሎ ሰው በታክሲ ተመልሶ ቤቱ አያድርም፤ ዘመድ ከሌለው አልጋ መያዝ፣ ከዚያም በላይ ለአዲስ ትኬት ገንዘብ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ የጉዞ ዜና ስታወጡ ርቀቱ የአየር ይሁን የመኪና መንገድ ለይታችሁ እንድትጽፉ፣ የበረራውን ጊዜ ከከተሞቹ የሰዓት ልዩነት ጋር እንድትገልጹ፣ የመነሻ ሰዓቱንም ትኬት ላይ ከሚታተመው ጎን ለጎን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት ወይም ማታ ብላችሁ እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ