ለእማዬ፣ ስለ ውድነሽ ስለት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ እንደገና ይዣለሁ ስልሽ፣ «በዛብህን የገደለው ስለቱ ነው» አልሽኝ። በስልክ አጥጋቢ መልስ አልመጣልኝም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

አንቺ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማሽ ሰው ነሽ። ታሪኩን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔን ግን ከፍቅረኞቹ ከበዛብህና ከሰብለ ይልቅ የያዘችኝ የበዛብህ እናት ውድነሽ ናት። እግዚአብሔርን «ልጄን አሳድግልኝና የአንተ ይሁን» አለች። ሳያገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል ይኑር ብላ ተሳለች። እናት ናት፤ ከልጇ በላይ የምትሰጠው ውድ ነገር አልታያትም። ግን የተሳለችው በእሱ ዕድሜ ነው። በዛብህ አድጎ፣ ተምሮ፣ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ ስለቱም አብሮት ገባ። ልቡ ወደ እሷ ሲሄድ ሕሊናው ይጎትተዋል። በአፉ ያልገባውን ቃል አፈረስኩ ብሎ ይሰቃያል። እዚያ ስደርስ ሁሌም ደረቴን ይጨንቀኛል።

እማዬ፣ እግዚአብሔር በዚህ ይቀጣል ብዬ አላምንም። በዛብህን መንገድ ላይ ያቆሰሉት ሽፍቶች ናቸው። ከዚያ መንገድ ላይ የጣለው ደግሞ የፊታውራሪ የዘር ኩራት ነው። ጉዱ ካሣ ይህን ፊት ለፊት ስለተናገረ እብድ ተባለ።

ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ሃይማኖትን ሊነቅፉ ነው የጻፉት የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የቄስ ልጅ ናቸው፣ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ስለሚያውቁት፣ ስለሚወዱት ቤት ነው። ሰብለን እይልኝ እስቲ። በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ የመነኩሴ ልብስ ለበሰች፤ እሱ ሲያርፍባት ደግሞ የእውነት መነኮሰች። ፍቅሯ ከእምነቷ አላራቃትም።

ወንድሜ ታሞ ሳለ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ የተሳልሽው ትዝ ይልሻል? ሲድንልሽ ከመቀነትሽ ፈትተሽ ገዛሽ፣ በታኅሣሥ 19 ያን ሁሉ ሕዝብ ተጋፍተሽ ራስሽ አስገባሽ። ወንድሜን «ዕዳ አለብህ» ብለሽው አታውቂም። ስለት ሲባል እኔ የማስበው ያንቺን ነው። ስለ እምነት ያወቅሁትንም አብዛኛውን ከዚያ ነው ያገኘሁት።

ለሰብለ ስታለቅሺ አይቻለሁ። ስለ ውድነሽ ግን ምን እንደምትዪ ሰምቼ አላውቅም። አንቺ ብትሆኚ፣ ልጅሽ በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ፣ ምን ትዪ ነበር? እሑድ ስደውል ንገሪኝ። የጉልበት መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ውሰጂ፣ እሺ?

የምወድሽ ልጅሽ